ጓደኛህ ራሱን ያጠፋ ይሆን ብለህ ስትሰጋ

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጓደኛህ ራሱን ያጠፋ ይሆን ብለህ ከሰጋህ ጠይቀው። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» በለው። ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደምትጠይቅ ነው። ሌላው ግማሽ «አዎ» ሲልህ ምን እንደምታደርግ ነው። (አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው እንጂ አንቺም አለሽበት።)

ሰው ጥያቄውን የሚፈራው «ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብሎ ነው። አታሳስበውም። በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው በመጨረሻ አንድ ሰው ስለጠየቀው ቀለል ይለዋል፤ ብቻውን ሲያብሰለስለው የከረመውን ነገር አውጥቶ የሚናገርበት በር ተከፈተለታ። ብርቅ ነገርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ720,000 በላይ ሰው በዚህ ይሞታል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። እዚህ ባሕር ዳር የፔዳና የፖሊ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች፣ ተማሪ ዕድሜ ነው። የባጃጅ ነጂውም፣ የጀልባ ልጁም።

ምን ታያለህ?

እኛ ዘንድ አንድ ችግር አለ። ሞትን ቀኑን ሙሉ እንጠራዋለን። ስናጎርስ «በሞቴ» ነው፣ ስንምል «እናቴ ትሙት»፣ ሲደክመን «ሞትኩ»፣ ፈተና ሲከብደን «ጨረሰን»። ስለዚህ አንዱ ከልቡ «ሞቼ ባረፍኩት» ሲል ከጫጫታው ጋር አብሮ ያልፋል። ልዩነቱን ከአፉ ብቻ አትጠብቅ፤ ሰውየውን እየው። ይደጋግመዋል? ከቀልድ ውጭ ነው የሚለው? ከዚያ በፊትስ እንዲህ ይል ነበር?

በተለይ ሁለት ዓይነት ንግግር ጆሮህን ያቁመው። አንዱ ሸክም ሆንኩ የሚለው ነው፦ «እኔ ባልኖር ሁሉም ያርፍ ነበር»፣ «እናቴን አቃጠልኳት»። ሌላው መውጫ የለኝም የሚለው ነው፦ «በቃ፣ አለቀ»፣ «ከዚህ በኋላ ምን አለ?» ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ለነገ አትበለው።

ከንግግር ውጭ ደግሞ ኑሮው ይለወጣል። ቡና ላይ ይጠፋል፣ ዕቁብ ይቀራል፣ ስልክ አያነሳም፣ ሌሊቱን ሙሉ ኦንላይን ነው ወይም ጭራሽ ቴሌግራሙን አጥፍቶታል። አረቄው ይበዛል። የሚወደውን ጃኬት አንስቶ ይሰጥሃል። ማንም ሳይጠይቀው የቆየ ዕዳ ይከፍላል፣ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል፣ «ልጄን አደራ» ይላል። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ፆም ሲገባ ይቅርታ የሚጠይቅ ሞልቷል። ሲደራረብ ነው ነገሩ። አንድ ሌላ ልጨምር፣ ሰው ስለሚስተው፦ ለሳምንታት ተክዞ የከረመ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በአንድ ቀን ረጋ፣ ቀለል ካለው «እሰይ፣ ተሻለው» ብለህ አትተወው። ተሽሎት ሊሆን ይችላል። ወስኖም ሊሆን ይችላል። ጠይቅ።

ከዚህ በፊት ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ከሆነ ከሁሉም በላይ ይህ ያሳስብህ። ከካምፓስ መባረር፣ ፍቺ፣ የአራጣ ዕዳ፣ ቱሪስት ጠፍቶ ጀልባውን ካሰረ የቆየ አስጎብኚ፣ ይህ ሁሉ ይከብዳል። ግን «በዚህ ምክንያት ነው» ብለህ አንዷን ነገር ይዘህ ችክ አትበል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው።

የት ነው የምትጠይቀው?

ካፌ አይሆንም። ባሕር ዳር ውስጥ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቁም ነገር ማውራት የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም፤ በየአምስት ደቂቃው አንዱ መጥቶ ይጨብጣል፣ እናትህን ይጠይቃል፣ ወንበር ይስባል። ዶርምም ሩምሜት አለ። አረቄ ቤት ደግሞ ፈጽሞ አታስበው፤ መጠጥ የሰውን እጅ ያፈጥናል።

የእግር መንገድ ጥሩ ነው። ወደ ማታ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በዘንባባው ስር ወይም በጣና ዳር። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል፣ በተለይ ለወንዶች። ስልክህን ድምፁን አጥፋ። የሚያስቸኩል ቀጠሮ አትያዝ። እንዲህ ማለት ትችላለህ፦

«ሰሞኑን ልክ አይደለህም። እንቅልፍ እንደሌለህ አይሃለሁ። ትናንትና ደግሞ 'እኔ ባልኖር ይሻል ነበር' አልክ፣ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው እንደዚህ ሲጨንቀው አንዳንዴ ራሱን ማጥፋት ያስባል። አንተስ እያሰብክ ነው?»

ከዚያ ዝም በል። ከባዱ ይህ ነው። የስልኩን ሽፋን ያወልቃል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና ያወልቃል። የቆሎ ልጅ ይመጣል። ገዝተህ ሸኘው፣ ዝምታውን ግን አንተ አትስበረው። እኛ ዝምታ ስለሚከብደን «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለን እንሞላዋለን። እሱም «እሺ» ይልሃል፤ ወሬው እዚያው ያልቅና ሁለታችሁም ስለ ኳስ ማውራት ትጀምራላችሁ።

አንድ ዓይነት አጠያየቅ ግን ተው፦ «እንደዚህ ዓይነት የማይረባ ነገር አታስብም አይደል?» ይህ ጥያቄ «አይ» በለኝ ብሎ መለመን ነው። «አይ» ይልሃል።

«አዎ» ሲልህ

ፊትህን ያዝ። ልብህ ይመታል፤ ይምታ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። አልሄድም። ንገረኝ» በለው። ከዚያ ስማ። መፍትሔ አትደርድር። ሥራ አፈላልግልሃለሁ፣ ከወንድምህ ጋር አስታርቅሃለሁ የሚለው በኋላ ይደርሳል።

የማይባሉትን ልንገርህ። «ኃጢአት ነው» አትበለው። ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ ነው የሰማው፤ ምናልባት ለወራት ሌሊት ሌሊት ከዚሁ ነገር ጋር ሲታገል ነው የከረመው። አንተ ደግመህ ስትነግረው የሚማረው ነገር ቢኖር ለአንተ መናገር እንደማይገባው ብቻ ነው። «ልጆችህን አስብ»ም እንዲሁ፤ ሸክም ሆንኩባቸው ብሎ የሚያምን ሰው ልጆቹን እያሰበ ነው፣ ግን አእምሮው ሐሳቡን አጣሞበታል። «ካንተ የባሰ ስንት አለ» እና «ወንድ አይደለህ እንዴ» የሚሉትንማ ተዋቸው።

እምነቱን ራሱ ካነሳው ግን አብረኸው ሁን። «እስካሁን ምን ያዘህ?» ብለህ ጠይቀው። «እናቴ» ሊልህ ይችላል፣ «እግዚአብሔርን ፈርቼ» ሊልህ ይችላል፣ «ውሻዬን ማን ያበላዋል» ሊልህም ይችላል። ያንን የያዘውን ነገር ከእሱ አፍ ስማው። ከአንተ ስብከት ይልቅ ያ ይጠነክራል።

ሲረጋጋ ቀስ ብለህ አራት ነገር ጠይቀው። በምን መንገድ እንደሆነ አስቦ ያውቃል ወይ? ያሰበው ነገር እጁ ላይ አለ ወይ? መቼ እንደሆነ ቀን ቆርጧል? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? ይህ ወሬ ለማጣራት አይደለም። ዛሬ ማታ ምን እንደምታደርግ የሚወስንልህ ነው።

ቀን ከቆረጠ ወይም ዕቃው ካለው

ብቻውን አትተወው። ሽንት ቤት ሲሄድም በሩ አጠገብ ሁን፣ ቢያፍርም ይፈር። ሌላ አንድ ሰው ጥራ። ከዚያ ያሰበውን ነገር አርቅ። መሣሪያ ከሆነ ከቤት ይውጣ፤ ክኒን ከሆነ ሌላ ሰው ይያዘው። ገጠር ቤተሰብ ያለው፣ ወደ ፎገራ ሩዝ ወይም በከተማው ዙሪያ ጫት የሚያለማ ቤት ከሆነ የሰብል መድኃኒቱ ተቆልፎ ቁልፉ ጎረቤት ይሁን፤ ጨርሶ ከግቢ ቢወጣ ደግሞ የተሻለ ነው።

«ቁርጥ ካለበት ሌላ መንገድ አያጣም» የሚልህ አይጠፋም። ልክ አይደለም። ያ በጣም የሚያስጨንቀው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ዕቃው በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ካልነበረ ብዙ ሰው ይተርፋል። ስሪላንካ አደገኞቹን የሰብል መድኃኒቶች ከገበያ ካስወጣች ወዲህ ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወርዷል። ከዚያ ውጭ የገበሬው ኑሮ በአንድ ጊዜ ተለውጦ አይደለም።

ከዚያ ሐኪም ቤት። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወት አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን። ሁለቱም ጋ የአእምሮ ሕክምና አለ። ሌሊት ከሆነ በድንገተኛ ክፍል ግባ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልተያዘልህ ባጃጅ ወይም የጎረቤት መኪና። ማታ መንገዱ ጭር ሊል፣ ባጃጅም ሊጠፋ ስለሚችል መኪና ያለውን ጎረቤት ቀድመህ እወቅ፣ ቁጥሩንም ያዝ።

እዚያ ስትደርስ አትሸፋፍን። «ትንሽ አሞት ነው» ካልክ ተራ ይዞ ሲጠብቅ ያድራል። ለተረኛው ሐኪም ቃል በቃል «ራሱን ሊያጠፋ ነው ብሎኛል፣ ዛሬ ብሎ ወስኗል» በለው። ጓደኛህ አፍሮ ቢያስተባብልም አንተ የሰማኸውን ተናገር። መታወቂያና የጤና መድኅን ካርድ ካለው ያዝ፣ ግን እሱን ስትፈልግ አትዘግይ። ፖሊስ ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራም አለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር አያስቀጣም፤ የሚያስቀጣው ሌላውን ለዚህ መገፋፋት ወይም መርዳት ነው። ንገረው፣ ይረጋጋል።

የሆነ ነገር ወስዶ ከደረስክበት ደግሞ ይህን ያዝልኝ። ወተት አትጋተው። ጣትህን ጉሮሮው ውስጥ ከትተህ አታስመልሰው። «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ቢራመድም፣ ቢስቅም ምልክት እስኪታይ አትጠብቅ፤ መጀመሪያ ደህና መስለው በኋላ የሚብሱ ነገሮች አሉ። ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ከነስሙ ያዝና ሩጥ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

ሐሳቡ አለ፣ ግን ዛሬ ካልሆነ

ትንፋሽ አግኝተሃል፣ ግን ጉዳዩ አላለቀም። አብራችሁ ቁጭ በሉና ስልኩ ኖት ላይ ወይም ወረቀት ላይ ጻፉ። ሲብስበት መጀመሪያ የሚሰማው ምንድን ነው? (ለአንዱ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ለሌላው ስልክ ማጥፋት።) ያን ጊዜ ብቻውን የሚያረጋጋው ነገር ምንድን ነው? የት ቢሄድ ይሻለዋል? ለማን ይደውላል፣ ያ ሰው ካላነሳስ? ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌግራም አይሠራም፤ ስለዚህ ስልክ ቁጥር ይጻፍ፣ ቤቱም በእግር የሚደረስ ሰው ይኑርበት። የምትጽፉት በእሱ ቃል ይሁን። «አዎንታዊ አስተሳሰብ» የሚል ነገር ካየሁበት ያንተ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ ቀጠሮ አስይዘውና አብረኸው ሂድ። «ሂድ» ማለትና «ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በርህ ላይ ነኝ» ማለት ይለያያሉ። ተማሪ ከሆነ የግቢው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት አለ። ለሆስፒታል የጤና መድኅን የሚጠቀም ከሆነ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሊጠየቅ ስለሚችል ከዚያ ጀምሩ።

ጸበልን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አልገባም። ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ብዙ ሰውም እፎይ ይላል። እኔ የምለው ሐኪም ያዘዘለት ክኒን አይቋረጥ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም አንዱ ጸበልተኛ «ተወው» ይለዋል። መድኃኒቱ ሲጀመርም ሲለወጥም፣ በተለይ ለወጣት፣ ቀረብ ብለህ ተከታተለው። የንስሐ አባቱን ቀድመህ አናግራቸው፤ «አባ፣ መድኃኒቱንም እንዲወስድ ይንገሩልኝ» በላቸው። ከእሳቸው አፍ ሲመጣ የሚሰማ ሰው ሞልቷል። ሙስሊም ከሆነም የሚያከብራቸው ሼህ ካሉ እንዲሁ።

ለማን ይነገር?

«ለማንም አልናገርም» ብለህ አትማል። አስቀድመህ «ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንነግር ግን አብረን እንወስናለን» በለው። ሊቆጣህ ይችላል። ይቆጣ።

ግን አደራ፣ ሽማግሌ አትሰብስብ። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ይመስላል እንጂ ግሽ ዓባይ ሰፈር ላይ የተነገረ ወሬ ከሰዓት ዓባይ ማዶ ይደርሳል። ሰባት ዘመድ ሳሎን ተደርድሮ «ምን ጎደለህ?» ካለው ሁለተኛ አይናገርም። አንድ ሁለት ሰው ይበቃል። ታላቅ እህት፣ አክስት፣ አፉን የሚጠብቅ የሥራ ባልደረባ። ችግሩ ያለው ከቤት ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ አባትየው የሚደበድበው ከሆነ፣ ወደ ቤት አትሩጥ፤ ከውጭ ሰው ፈልግ።

ጓደኛህ ሩቅ ከሆነ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች ልጅ ሌሊት ቮይስ ብትልክልህ፣ መስመሩን አትዝጋ። እያወራህ በሌላ ስልክ አጠገቧ ያለ ሰው ፈልግ፤ አብራት የምትሠራ፣ የምትኖርበትን ቤት የምታውቅ ሐበሻ። አድራሻዋን ደግሞ በደህና ቀን ጠይቀህ ያዝ።

ከዚያ በኋላ

ከሆስፒታል በወጣባቸው ሳምንታት ነው በጣም ልትጠነቀቅለት የሚገባው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ «ወጣ፣ ተሻለው» ብሎ ይበተናል። መጀመሪያው ሰሞን ፍራፍሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ቤቱን ይሞላዋል፣ ከዚያ ጭር ይላል። አንተ በዚያ ጭር ባለበት ጊዜ ሂድ። «የሆነ ነገር ካስፈለገህ ደውል» አትበለው፣ አይደውልም። «ቅዳሜ አሥር ሰዓት አሳ እንብላ፣ እወስድሃለሁ» በለው። ስለ ሕመሙ ሁልጊዜ ማውራት የለብህም። በሽተኛ ሆኖ መታየት ይሰለቻል፤ ስለ ኳስ ማውራት አሁን ይፈቀዳል።

በዓልን አትርሳ። ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን መስከረም 10 በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ጳጉሜ 5፣ አብዛኛውን ጊዜ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ማንም አስቦበት ባይሆንም ለእኛ አገር ቀኑ ልክ ነው። ሁሉም ቤት ዶሮ ሲሠራ ባዶ ቤት የተቀመጠ ሰው፣ ዘንድሮም ያልተመረቀ ልጅ፣ የመጀመሪያውን በዓል ያለ ሚስቱ የሚውል ሰው፣ በዚያ ቀን ይከብደዋል። ጥራው።

አንተም ሰው ነህ። ሌሊቱን ብቻህን አትጠብቅ፤ ተራ ተካፈሉ፣ ተኛ፣ አንተም የምታወራው ሰው ይኑርህ። «ትተኸኝ ከሄድክ ራሴን አጠፋለሁ» እያለ የሚይዝህ ሰው ካለም ነገሩን በቁም ነገር ውሰደው፣ ሰው ጥራለት፣ ግን ኑሮህን በሙሉ አታስረክበው። ሁሉንም አድርገህም አንዳንዴ አይሆንም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የአንተ አይደለም።

ጠይቀኸው «አይ፣ እንደሱ አይደለም» ካለህስ? እሺ በለው። አትከራከር፣ «ብታስብ ግን ልትነግረኝ ትችላለህ፣ አልደነግጥም» በለውና ወሬህን ቀጥል። ምልክቶቹ ካልጠፉ በሳምንቱ ድጋሚ ጠይቀው። መጀመሪያ ቀን «አይ» ያለ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚያየው አንተ መስማት ትችል እንደሆነ ነው።